ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከሜዳው እስከ ደንቡ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያ ጽሑፎች ጎን ለጎን የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ ምርጫውን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። መሐንዲስ የመሐንዲስን ታሪክ ቢጽፍ ያምርበታል። ይሁን እንጂ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ የደረስኩት ድልድይም ሆነ ግድብ ካልሠሩ፣ ነገር ግን ከብዙ ግንባታ የጸና ሥራ ትተው ካለፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው። እኚህ ሰው የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ስማቸውን ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የሚታወቁት ግን በአብዛኛው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ያገኘችውን የአፍሪካ ዋንጫ ባነሣችበት ዓመት የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ በመሆናቸው ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ከሥራቸው ትልቁ ክፍል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አቶ ይድነቃቸው በሜዳ የጀመሩትን ትግል እንዴት ወደ ደንብና ወደ ድምፅ መስጫ አዳራሽ እንዳሻገሩት፣ በዚህም ለአህጉራቸው ምን እንዳተረፉና ሥራው ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተለየ በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ትውልድና ትምህርት

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸው፣ በዜማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው በዘመናቸው ወደር ያልነበራቸው ሰው ናቸው። ነጋድራስ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተሻግረው የአውቶሞቢል ሙያ የተማሩ፣ እዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ናቸው። እንግዲህ ልጁ የተወለዱበት ቤት አዲስ ነገር የማይፈራበት፣ ከውጭ አገር የመጣውንም ዕቃ ሆነ ዕውቀት ተቀብሎ የራስ ማድረግ የተለመደበት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከፊደልና ከቋንቋ ጋር እግር ኳስንም ለወጣቱ ያስተዋውቁ ነበር። ኳሱ በከተማው ውስጥ የተስፋፋው በአንድ ወገን በተማሪው፣ በሌላ ወገን ደግሞ በመዲናዪቱ በሚኖሩት የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣሊያንና የሌሎችም አገሮች ተወላጆች አማካይነት ነው። ኢትዮጵያውያን የራሳቸው ክለብ ያገኙት በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲመሠረት ነው። ዘመኑ የፋሺስት ጦር በሰሜንና በደቡብ ድንበራችንን ጥሶ እየገሠገሠ የነበረበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ክለቡ በተመሠረተ በአምስተኛው ወር አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች።

በወረራው ዘመን

ወጣቱ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት የጀመሩት በዚህ ጭንቅ ጊዜ ነው። የጣሊያን አስተዳደር በከተማው ኑሮ ሁሉ ያስገባው የዘር ልዩነት ሕግ ከኳስ ሜዳም አልቀረም። ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ካልሆነ በቀር ከነጮች ቡድን ጋር እንዳይገጥሙ ተከለከሉ። ክልከላው ኢትዮጵያዊውን ዝቅ ለማድረግ ብቻ የወጣ አይመስለኝም። ዘጠና ደቂቃ በእኩል ሕግ የሚደረግ ግጥሚያ ጌታና ሎሌ የሚለውን ሥርዓት በሕዝብ ፊት ሊያፈርሰው ይችላል፤ ገዢው የፈራው ይህንኑ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከአሥራ አራት ዓመታቸው እስከ ሃያኛው ድረስ ያደጉት በዚህ ክልከላ ሥር ነው። ሰው በወጣትነቱ ያየውን በደል በልዩ ልዩ መንገድ ይሸከመዋል፤ አንዱ በቁጣ፣ አንዱ በዝምታ። እርሳቸው በኋላ ዘመን የሠሩትን ሥራ ለተመለከተ፣ ያ ዘመን በውስጣቸው የተወው ነገር አንድ ጽኑ እምነት ይመስላል፤ ይኸውም በቆዳ ቀለም የሚለያይ ጨዋታ ጨዋታ አይባልም የሚል ነው።

ተጫዋቹ

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ኳሱ እንደገና ነፍስ ዘራ። እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ውድድር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ልዑክ ቡድን ናቸው። ዋንጫው ለእንግሊዞቹ ሆነ። ውጤቱ እንደዚያ ይሁን እንጂ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተከለከለው ነገር አሁን በግልጽ ሜዳ ላይ ሲሆን መታየቱ ራሱን የቻለ ድል ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። በተለምዶ በሚጠቀሰው መዝገብ መሠረት በ365 ግጥሚያዎች ተሰልፈው 318 ጎሎች አስቆጥረዋል። ቁጥር መመርመር ለለመድን ሰዎች ይህ ማለት በአሥር ጨዋታ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ ጎል ነው። ዘመኑ ሜዳው ሣር አልባ፣ ኳሱ በዝናብ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ የሚከብድ ቆዳ፣ ተጫዋቹም ከመደበኛ ሥራው ውሎ የሚመጣ ሰው የነበረበት መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ አኃዙ ይበልጥ ይከብዳል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያደረገው በኅዳር 1940 ዓ.ም. ነው። ተጋጣሚው ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ይባል የነበረው የዛሬዪቱ ጅቡቲ ቡድን ሲሆን፣ ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች። አቶ ይድነቃቸው በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። በጠቅላላው ለአገራቸው 15 ጊዜ እንደተሰለፉ ይነገራል።

ከጫማ ወደ ብዕር

በእኛ ሙያ አንድ ሥራ በጥሩ ሠራተኛ ብቻ አይቆምም፤ ንድፍ፣ መለኪያና ኃላፊነትን የሚያከፋፍል ውል ያሻዋል። አቶ ይድነቃቸው ይህን በስፖርት ውስጥ አስቀድመው ከተረዱት ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ዕድሜያቸውም ከሃያዎቹ መጀመሪያ አላለፈም ነበር። ለረጅም ዓመታትም ፌዴሬሽኑን በዋና ጸሐፊነት አገለገሉ።

የዋና ጸሐፊነት ሥራ ለተመልካች የማይታይ ሥራ ነው። የውድድር መርሐ ግብር ማውጣት፣ ዳኛ መመደብ፣ የተጫዋች ዝውውር መመዝገብ፣ አቤቱታ መስማት፣ ከውጭ አገር ማኅበራት ጋር መጻጻፍ ያስፈልጋል። እርሳቸው ቅዳሜና እሑድ ጎል የሚያገቡ፣ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ጎሉ በምን ሕግ እንደሚጸድቅ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ አጋማሽ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር፣ ማለትም የፊፋ አባል ስትሆን ከአፍሪካ በአባልነት የተቀመጡት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አብዛኛው የአህጉሩ ክፍል ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረ በስሙ የሚቀመጥ ወንበር አልነበረውም።

ካርቱም፣ የካቲት 1949

በሰኔ 1948 ዓ.ም. የፊፋ ጉባኤ በሊዝበን ሲደረግ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን ተገናኝተው የአህጉር ማኅበር እንዲቋቋም ተስማሙ። በተከታዩ ዓመት በካርቱም በተደረገው ስብሰባ አቶ ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው።

ማኅበሩ በተወለደ በቀናት ውስጥ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው በካርቱም ሊካሄድ ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ፈተናም ያኔውኑ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ ላይ ማሰለፍን አልተቀበለችም፤ ያቀረበችው ምርጫ ወይ የነጮች ብቻ ወይም የጥቁሮች ብቻ ቡድን ነበር። ሦስቱ ባልንጀሮቿ ግን የተቀላቀለ ቡድን ካልሆነ አንቀበልም አሉ፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጪ ሆነች።

ይህን ውሳኔ በጥሞና ማየት ይገባል። ማኅበሩ አራት አባላት ብቻ ነበሩት። ገና ገንዘብም ሆነ የቆየ ስም የለውም። ከአራቱ አንዱን መግፋት ከአራት ምሰሶ አንዱን እንደ መንቀል ነው። ብልኅ ነን የሚሉ ሰዎች ለጊዜው ነገሩን አለዝቦ ማለፍ ይሻላል ብለው ሊመክሩ ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ቀን ቢለዝቡ ኖሮ ልዩነቱ በዝምታ ደንብ ሆኖ በገባ ነበር፤ መሠረት ላይ የገባ ስንጥቅ ደግሞ ፎቁ ከተሠራ በኋላ አይጠገንም።

እውነቱን ለመናገር ውሳኔው ለኢትዮጵያ የጠቀመው ነገር አለ። በግማሽ ፍጻሜ ልትገጥማት የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ስለወጣች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። እዚያ የጠበቃት ግን የግብፅ ቡድን ነው። የካቲት 9 ቀን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫም ኢትዮጵያ በሁለቱም ጨዋታዎች ተሸነፈች። አቶ ይድነቃቸው በጉባኤ ድምፃቸው የሚሰማ፣ በሜዳ ግን ቡድናቸው ገና ያልጠነከረ አገር ተወካይ ነበሩ።

ጥር 1954

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ አቶ ይድነቃቸው ቡድኑን በአሰልጣኝነት መሩ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተሳስራ ከነበረችው ከኤርትራ የመጡ ናቸው። ከእነርሱም ዋናዎቹ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ነበሩ። ሁለቱ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአስመራ የተወለዱ ናቸው። በአጥቂው መስመር ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። በዘር ልዩነት ሕግ ሥር ኳስ የጀመሩት አሰልጣኝ የጣሊያን ደም ያላቸውን ወንድማማቾች ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር በአንድ ማሊያ ማሰለፋቸው፣ በካርቱም ለሌላው የጠየቁትን በራሳቸው ቡድን መፈጸማቸውን ያሳያል።

በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ከወሰደችው፣ በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ግብፅ ጋር ሆነ። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ በበዳዊ አማካይነት ቀደሙ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ስትለፋ ቆይታ አቻ ሆነች። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ያው በዳዊ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። ከስድስት ደቂቃ በላይ ባልቀረበት በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አስተካከለ፤ ጨዋታውም ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በዚያ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ለአየሩ ለለመደ ሰው እንኳ ትንፋሽ በሚያሳጥርበት ሜዳ፣ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጎል አገቡ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ቀን ክብር ዕድሜውን ሙሉ በኖረ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ግን ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ነበር፤ ትልቁ ሥራቸውም ገና አልተጀመረም።

የዓለም ዋንጫ እምቢታ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነጻ ሲወጡ የካፍ አባላት ቁጥር በፍጥነት አደገ። አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1964 የካፍ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ 16ቱን ቦታዎች አከፋፈለ። አውሮፓ አስተናጋጇን ጨምሮ አሥር፣ ደቡብ አሜሪካ አራት፣ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ከካሪቢያን ጋር አንድ ወሰዱ። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ ተሰጠች። የአፍሪካ አሸናፊ የራሱን አህጉር ካሸነፈ በኋላ ገና ከእስያው ወገን አሸናፊ ጋር መግጠም ነበረበት።

አቶ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ይህን ክፍፍል ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ነበሩ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፤ የማኅበሩ አባል ሆኖ መዋጮ የሚከፍል፣ ደንቡን የሚያከብር አህጉር በቀጥታ የሚገባበት አንድ በር ይገባዋል የሚል ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቅሬታ ተጨመረ። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. መስከረም ደቡብ አፍሪካን አግዶ ሳለ በጥር 1955 በፕሬዚዳንቱ በሰር ስታንሊ ራውስ ግፊት እገዳውን አንሥቶ ነበር። የአፍሪካ ተወካዮች ድምፃቸውን አስተባብረው በ1957 በቶኪዮ ጉባኤ እገዳውን አስመለሱ። የቦታውን ጥያቄ ግን ፊፋ አልሰማም። ስለዚህ የተመዘገቡት የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ፊፋ ካፍን 5,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ።

እንዲህ ያለ እምቢታ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዓመት በአፍሪካ ሜዳዎች ላይ የነበሩት ተጫዋቾች ዓለም ዋንጫን የማየት ዕድላቸው በዚያ ውሳኔ ተዘግቷል። የጋናና የኢትዮጵያ ምርጦች በጥንካሬያቸው ዘመን ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሌላ ዕድል አላገኙም። መሪ ለሚመጣው ትውልድ ሲል የዛሬውን ትውልድ ድርሻ ሲያስይዝ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ይህን ሳይጠቅሱ ድሉን ብቻ ማውሳት ሚዛን ማጉደል ይሆናል።

ድሉ ግን ደረሰ። ፊፋ ለሚቀጥለው ውድድር ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ሞሮኮ በዚያ በር ገባች።

በፕሬዚዳንትነት

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞታቸው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይዘው ቆይተዋል። በዚህ መካከል በአገራቸው ሥርዓት ተለወጠ፤ ዘውዱ ወርዶ ደርግ ሥልጣን ያዘ። እርሳቸው ግን በአህጉሩ የተሰጣቸውን አደራ ይዘው ቀጠሉ።

በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን የአፍሪካ ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን በግልጽ የታየው ሰኔ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ነው። በዚያን ቀን ብራዚላዊው ዣዎ ሃቬላንዥ በሁለተኛው ዙር 68 ለ 52 በሆነ ድምፅ ሰር ስታንሊ ራውስን አሸነፉ። ሃቬላንዥ ለአፍሪካና ለእስያ ተጨማሪ ቦታ እንደሚሰጡና ደቡብ አፍሪካን እንደማይመልሱ ቃል ገብተው ነበር። የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ድምፃቸውን ሳይበትኑ መስጠታቸው ለውጤቱ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968፣ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። በዚያ ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን ስታሸንፍ፣ ካሜሩን ደግሞ ያለ ሽንፈት ከውድድሩ ስትወጣ ዓለም አየ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨረሰች። ለአፍሪካ ቦታ መስጠት የውድድሩን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል ለሚሉት ሰዎች የተሰጠው መልስ ይህ ነበር።

ይኸው ዘመን ከባድ ዋጋም የተከፈለበት ነው። በሐምሌ 1968 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ምክንያት ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ወጣች። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በብቃቱ ዘመን የኦሊምፒክ መድረክ አመለጠው፤ ሁለቱን ወርቆቹን እስኪያገኝ አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ መድረስ ነበረበት። ሌሎች ግን ሞስኮም አልደረሱም።

ያልተፈታው ጥያቄ

በአቶ ይድነቃቸው ሐሳብ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያከራክር አንድ ጉዳይ አለ። ካፍ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት የበለጡ በውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎችን እንዳያሰልፍ ደንግጎ ነበር። ደንቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አቶ ይድነቃቸው ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው አህጉሩን ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ብቻ አድርጎ ያስቀራል ብለው አጥብቀው ይሰጉ ነበር። የአገር ውስጥ ውድድሩ ካልጠነከረ፣ ሜዳው ካልተሠራ፣ አሰልጣኙ ካልሠለጠነ የጥቂት ልጆች በውጭ መክበር ለአህጉሩ እግር ኳስ መሠረት አይሆነውም የሚል እምነት ነበራቸው።

የተቃዋሚዎቻቸውም ክርክር ውድቅ አይደለም። ተጫዋች ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተሻለ ደመወዝና ሥልጠና ወዳለበት መሄድ መብቱ ነው። በውጭ የሠለጠነም ተመልሶ ለብሔራዊ ቡድኑ ጥቅም ሰጥቷል። ይህ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ አብረውን ከተማሩት መካከል ስንቶቹ ዛሬ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደሚሠሩ እናውቃለን። የሄደውን መውቀስ ቀላል ነው፤ የቀረው የሚሠራበትን ቦታ ማደራጀት ግን ከባድ ነው። አቶ ይድነቃቸው የደከሙት በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ በደንብ የመከልከሉ መንገድ ግን ዘመኑን መቋቋም አልቻለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የአገራቸው ቡድን ዕጣ ነው። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ አንሥቶ እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተካሄዱት ሰባቱም ውድድሮች ተካፍላለች። እ.ኤ.አ. በ1963ና በ1968 አራተኛ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ የተካፈለችው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. የ1976፣ የ1982፣ የ2013ና በካሜሩን በ2022 መጀመሪያ የተደረገው የ2021 ውድድር ናቸው። ከ1982 እስከ 2013 ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በሩ ተዘግቶባት ቆይቷል። በዓለም ዋንጫ ደግሞ አንድም ጊዜ አልደረሰችም። እርሳቸው ለአህጉሩ ያስከፈቱትን በር ሌሎች ሲገቡበት የገዛ አገራቸው ከደጅ ቀርታለች።

ይህን የእርሳቸው ጥፋት ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ ሰው በር ሊያስከፍት ይችላል፤ በበሩ የሚገባ ቡድን ማሳደግ ግን የትምህርት ቤቶች፣ የክለቦች፣ የማዘጋጃ ቤቶችና የመንግሥት የዘወትር ሥራ ነው። የቀበሌ ሜዳ ለሌላ ግንባታ ሲሰጥ፣ የወጣቶች ውድድር ሲቋረጥ፣ ክለብ ያለ ቋሚ ገቢ ሲቀር በዋናው ቡድን ላይ የሚታየው ውጤት ከዓመታት በኋላ ነው። እኛ መሐንዲሶች ጥገናው የተተወ መዋቅር በመጀመሪያው ዓመት እንደማይወድቅ እናውቃለን።

ፍጻሜ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። አዲሱን ዓመትና የልደት ቀናቸውን ለማየት ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አነሣች። እርሳቸው ግን አላዩትም።

ያላዩት ሌላም ብዙ ነገር አለ። የዘር ልዩነት ሥርዓት ሲፈርስ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ካፍና ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በ1996 ነጭና ጥቁር ልጆቿን በአንድ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች፤ በ2010 ደግሞ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አስተናገደች። በካርቱም በ1949 ዓ.ም. ሦስት አገሮች የጠየቁት የተቀላቀለ ቡድን ከአርባ ዓመት በኋላ ሜዳ ገባ። አንዲት ቦታ ለሦስት አህጉር በተካፈለችበት ውድድር አፍሪካ እ.ኤ.አ. ለ2026 በቀጥታ ዘጠኝ ቦታ ተመድቦላታል። በአራት አባላት የተጀመረው ማኅበርም ዛሬ 54 አባላት አሉት።

ከዚህ ሕይወት ለሙያ ማኅበራችን የሚቀር ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። እኛም ስብሰባ እንጠራለን፤ ደንብ እናረቃለን፤ ስለ ደረጃና ስለ ጨረታ ሕግ ሐሳብ እንድንሰጥ እንጠየቃለን። ብዙ ጊዜ አቅማችን ትንሽ ነው በማለት ለጊዜው አለዝበን የምናልፈው ነገር አለ። አቶ ይድነቃቸው በአራት አባላት ማኅበር ውስጥ ሆነው የማይታለፈው የትኛው እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር። ቀሪውን በትዕግሥት፣ በመጻጻፍና ድምፅ በመቁጠር አሳኩት። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን የመተዳደሪያ ደንባችን ማሻሻያ ለውይይት ሲቀርብ፣ አባላት ረቂቁን አስቀድመው አንብበው እንዲመጡ አደራ እላለሁ።